የፊት ረድፍ ወንበር

«የገዛ ወንድሟ ልጅ ከሙታን ጋር አስቀምጣት፣ በዚህ ወር ደረቷን ልታስከፍት ኖሯል? እኔም ብሆን ከቤቴ ንቅንቅ አልል!» አለች ዓሣ ሻጯ ቹይ ኢም፣ የዓሣውን ሆድ በአንድ ምት ሰንጥቃ አንጀቱን ወደ ባልዲው እየወረወረች።

ስዊያን ከምሰሶው ወዲያ ቆማ የሩዝ ኑድል ሾርባዋ እስኪቀዳላት ትጠብቃለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጆሮ ግን በዚያ ጠዋት ዘመድ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ስለማን እንደሚወራ ስላልገባት እንደማንኛውም የገበያ ሐሜት በደስታ ነበር የምትሰማው። ገዢዋ «ማንን ነው የምትይው?» ስትል ቹይ ኢም ቢላዋዋን አንሥታ «ጊዮክ ሊምን ነዋ!» አለች። «የወንድሟ ልጅ፣ ያቺ ሠዓሊዋ፣ ድመት ሪክሾ ላይ የምታሳፍረው፣ ለሻይ ማንቆርቆሪያ እግር የምትቀጥለው። የቀን መቁጠሪያዋ በየቤቱ ተሰቅሎ የለም? እስኪ ግቢና ኦገስትን ግለጪው። የሰባተኛው ወር ኦፔራ ነው። ከፊት ረድፍ እነማን ተቀምጠዋል? የጊዮክ ሊም አባት፣ ሟች። እናቷ፣ ሟች። ያ በረዶ ሻጩ፣ ነፍሱን ይማረውና እሱም ሟች። መሃላቸው ማን አለች? ጊዮክ ሊም፣ በሕይወቷ፣ ኦቾሎኒ ይዛ! ዛሬ ጠዋት ለልቧ ሆስፒታል ልትተኛ ነበር፤ ስምንት ወር የጠበቀችው ቀጠሮ። ቀረች። ማን ይሄዳል?» ገዢዋ «ውይ!» ብላ አፏን ያዘች።

ሠዓሊዋ ስዊያን ራሷ ናት። በዚህ ከተማ የፊት ረድፍ የማን እንደሆነ የሦስት ዓመት ሕፃን ያውቃል። በጨረቃ አቆጣጠር ሰባተኛው ወር ገብቶ የሙታን ደጅ ሲከፈት በየመንገዱ መድረክ ይቆማል፤ የሚዘፈነውም ለእነሱ ነው። ከፊት የተደረደረው ቀይ የፕላስቲክ ወንበር ባዶውን ያመሻል፤ ሕያው ከሁለተኛው ረድፍ ይጀምራል፤ ዘግይቶ የመጣ ከኋላ ይቆማል። ስዊያንም ታውቃለች፤ አውቃም ነው ያንን ረድፍ ለሙታን የሰጠችው። አያቷን ከነወፋቸው የሽቦ ጎጆ፣ ሴት አያቷን ከነማራገቢያቸው፣ በረዶ ሻጩን ከነሽሮፑ አስቀመጠቻቸው፤ ሥዕሉን ያየ ሁሉ ፈገግ ያለው በዚህ ነበር። አኮን፣ ማለትም የአባቷን እህት ጊዮክ ሊምን፣ መሃል ላይ ስታስቀምጥ ግን አንድም ጊዜ አላመነታችም። ይኼን አሁን ስታስበው ነው ያመማት። ሾርባዋን ይዛ ልትሄድ ስትል ባለ ኑድሉ «ሴትዮ፣ ሰባት ሪንጊት!» ብሎ ጮኸባት። ቹይ ኢም ዞረች፤ ተያዩ። «ስዊያን ልጄ! ዛሬ ትኩስ ዓሣ አለልሽ» አለች ዓሣ ሻጯ። እንዲህ ያለ ፊት በአንድ ትንፋሽ እንዴት እንደሚሠራ እሷ ናት የምታውቀው።

ወንድሟ ቡን ሄንግ ስልኩን ሲያነሣ ከጀርባው የመኪና ጡሩንባ ይሰማል። «በር ላይ ቆሜ ግማሽ ሰዓት ለመንኳቸው» አለ። «ሻንጣቸውን ዘግተው፣ ጫማቸውን አድርገው ተቀምጠዋል፤ ግን አይነሡም። ‹ወሩ ይውጣ› ብቻ። ምን ላድርግ፣ አዝዬ ልውሰዳቸው?»

«ለምን አልደወልክልኝም?»

«አራት ጊዜ ደውያለሁ! ስትሥዪ ስልክሽን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፊበት የለም እንዴ?»

እውነቱን ነው። የመጪውን ዓመት የቀን መቁጠሪያ ከጀመረች ወዲህ ስልኳ የሚውለው ከቀለም እርሳሶቿ ሥር ነው። ሆስፒታል ስትደውል አንዲት የደከማት ሴት በዚህ ወር የሚቀር ሰው ስለሚበዛ ቦታውን ወዲያው ለሌላ እንደሚሰጡት፣ ቀጣዩ ክፍት ቀን ፌብሩዋሪ መሆኑን ነገረቻት። ሐኪሙ ግን «ከዓመቱ መጨረሻ እንዳያልፍ» ብሎ ነበር፤ ስዊያን ራሷ አጠገባቸው ተቀምጣ ሰምታለች። ባለፈው ሳምንት አኮ በስልክ «ወሩ ጥሩ አይደለም» ሲሉ ምን እንደመለሰችላቸው ትዝ አላት። «አኮ ደግሞ፣ ይኼ እኮ የዱሮ ነገር ነው!» ነበር ያለቻቸው። ዱሮን በአርባ አምስት ሪንጊት እየሸጠች የምትኖር ሴት ናት እንግዲህ ይኼን ያለችው።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አኮ ቤት መሄድ ነበረባት። አልሄደችም። በዋናው ከተማ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ካማላ የምትባል ሴት በአራት ሰዓት ልትመጣ ተቀጣጥረዋል፤ ስዊያንም «ጨርሼ እሄዳለሁ» አለች። ሰው እንደዚህ እያለ ነው የሚቀረው።

ስቱዲዮዋ «የትናንት ሱቅ» ይባላል። ፊቱ ጠባብ፣ ውስጡ እንደ መተላለፊያ የረዘመ አሮጌ የሱቅ ቤት ነው፤ መሃሉ ላይ ዝናብ የሚገባበት የሰማይ ክፍት አለ። ከፊት ፖስታ ካርዱ፣ የቆርቆሮ ኩባያው፣ የሳህን መጥረጊያ ጨርቁና ተለጣፊው ተደርድሯል፤ ከኋላ እሷ ትሥላለች። የተዘጋ ሲኒማ ቤት፣ የከሰመ ብስኩት ቤት፣ ብስክሌት ላይ የሚዞር ዳቦ ሻጭ፣ ከተማው የጣለውን ሁሉ እሷ አንሥታ አቧራውን አራግፋ ትሥለዋለች፤ ላዩ ላይ አንድ ድመት ታስቀምጣለች፤ ሰዉም ይገዛታል። ዛሬ ቁልፉን ከፍታ እንደገባች የመጨረሻውን ካርቶን ጎትታ አንድ የቀን መቁጠሪያ አወጣችና ኦገስትን ገለጠችው። ያ ገጽ ሲነደፍ ከታች ባዶው ረድፍ እንደ ወለቀ ጥርስ አስጠልቷት ነበር። መልካሙን ዘመን የሠሩላትን ሰዎች እዚያ ልሙላበት ብላ አሰበች፤ ስም ስትጽፍ አኮ ከሁሉም በፊት መጡ። ያለ አኮ ዱሮ አይታሰባትም። አኮ ግን ዱሮ አይደሉም፤ በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ይኖራሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ካማላ በሰዓቷ መጣች፤ ሳቂታ፣ ባለ ትልቅ ቦርሳ። ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት መቶ አዘዘች። «ኦገስትን ግን እንዳትነኪብኝ፣ እሱን አይቼ ነው የመጣሁት» አለችና ገጹ ላይ ጎንበስ ብላ ጣቷን አኮ ላይ አሳረፈች። «ይቺ ኦቾሎኒ የያዘችው ስታስቅ! እሷም ሞታ ነው?»

«ኧረ አለች» አለች ስዊያን። ቀጥላም «አሉ፣ በሕይወት አሉ» ብላ አረመችው።

ካማላ ግራ ገባት፤ ነገሩን ለማሳለፍ ያህል ወደ ግድግዳው ዞረች። «ሁልጊዜ ልጠይቅሽ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሥዕሎችሽ ሁሉ ከላይ ወደ ታች የሚያዩ ናቸው። የሰዉ አናት ይታያል፤ የዳቦ ሻጩ ሳጥን ክዳን ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር። አጥር ላይ ወጥተሽ ነው እንዴ ያደግሽው?»

«እንዲህ ነው የሚታየኝ» አለች ስዊያን። ጋዜጠኞች ሲጠይቋትም የምትመልሰው ይኼንኑ ነበር፤ ከዚያ አልፋ አስባው አታውቅም። ካማላ ስትወጣ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ የጠዋቱ ሾርባ ከነላስቲኩ ቀዝቅዞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ መድረክ እየተሠራ ነበር። ሁለት ጎልማሶች ቀዩን ወንበር ከመኪና እያወረዱ ይደረድራሉ፤ አንድ ሽማግሌ ከፊተኛው ረድፍ ወንበሮች ሥር ዕጣን እየሰኩ ይሄዳሉ። አንድ ሕፃን ሮጦ ከፊት ተቀመጠና እግሩን አወዛወዘ። እናቱ የገዛችውን አትክልት መሬት ላይ ጥላ መጥታ፣ በክንዱ አፈፍ አድርጋ አነሣችው፤ ሦስቴም መሬት ላይ ምራቋን ተፋችለት። የሰው እናት ለአንድ ደቂቃ አልታገሠችም። አኮ ግን በእሷ ሥዕል ስምንት ወር ተቀምጠዋል።

አኮ በሩን ሲከፍቱ ጫማቸውን አላወለቁም ነበር፤ ለሆስፒታል ያደረጉት ነጭ ሸራ ጫማ ነው። ሻንጣውም ከበሩ ጎን ቆሟል። «በላሽ?» አሉ እንደ ወትሮው፣ መልሷን ሳይጠብቁ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ቤቱ አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነው። ላስቲኩ ያልወለቀለት ሶፋ፣ የመድኃኒት ማስቀመጫ የሆነ የብስኩት ቆርቆሮ፣ በመስኮቱ በኩል የሌላው ፎቅ ልብስ ማስጫ። መሬቱ ላይ በወርቅ ቀለም የተቀባ ወረቀት ክምር አለ፤ በዚህ ወር ለሙታን የሚቃጠለውን የወረቀት ወርቅ አጥፈው ለሱቅ ያስረክባሉ። አራት እርምጃ ከሄዱ የሚያርፉ ሴት፣ ለጣቶቻቸው ግን ዕረፍት አልሰጡም። ስዊያን አጠገባቸው ተቀምጣ አንድ ወረቀት አነሣች። እጇ አልረሳም። አንዱን ጥግ ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ፣ በመሃሉ ትንፋሽ፣ ከዚያ ጀልባ የመሰለ ወርቅ። ሃያ ያህል አጠፉ፤ ሠላሳ አጠፉ። ማራገቢያው ወደ እነሱ በዞረ ቁጥር ክምሩ ሸሽ ይላል፤ አኮ በእግራቸው ያዝ ያደርጉታል። ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ይህችን ቤት አላያትም። እዚህ የነቀዘ ነገር ነበር፤ ስምንት ወር የተቀመጠ።

«አኮ፣ የቀን መቁጠሪያውን የት ሰቀሉት?»

«ጓዳ በር ጀርባ» አሉ፤ ቀና አላሉም።

ኦገስት ተገልጧል። ከፊት ረድፍ መሃል፣ አኮ በተቀመጡበት ቦታ ላይ፣ ወገብ ሲያም የሚለጠፈው ቡናማ ፕላስተር በመቀስ ተቆርጦ ተለጥፏል። ሽታው ገና አልጠፋም። ሌላው እንዳለ ነው፤ አያቷ፣ ሴት አያቷ፣ በረዶ ሻጩ። ከዚያ ስዊያን ከሥዕሉ ጫፍ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ፣ እሷ ያልሣለችው ነገር አየች። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሠራ ሰው ነው። እግሩ ሁለት እንጨት፣ እጁ ሁለት እንጨት፣ ጭንቅላቱ ክብ፤ በክቡ ላይ ደግሞ ሌላ ትንሽ ክብ ተደርባለች። አኮ በሕይወታቸው ሥለው አያውቁም። መስመሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ ወረቀቱን ሊቀድ ምንም አልቀረው።

ቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አውርዳ ይዛው መጣች። «የመጣ ቀን አይተውታል» አለች። «ካርቶኑ ሲወርድ እኔ ጋ ነበሩ። ‹ቀለሙ ያምራል› ብለው ሄዱ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ሁለት ሺህ ቅጂ ነው አልሽኝ። ሰዎቹ ገና ያወርዱ ነበር።» አንድ ወረቀት አጥፈው ጨረሱ። «ደስ ብሎሽ ነበር፤ ከደስታሽ ላወርድሽ ነው?»

«እኔ እኮ ዱሮን ነበር የምሥለው። ያሳደጉኝን ሰዎች። እርስዎ ደግሞ ከሁሉም…»

«አውቃለሁ። ክፋት እንደሌለሽማ አውቃለሁ። ረስተሽኝ ነው እንጂ።»

«አልረሳሁዎትም!»

«መኖሬን ነዋ የምልሽ» አሉ አኮ፤ ሳይቆጡ፣ የዋጋ መወደድ እንደሚነግር ሰው።

ስዊያን ማልቀስ ፈለገች፤ ግን አኮ ፊት ማልቀስ እሳቸውን ማስነሣት ነው፣ ሲነሡ ደግሞ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ዋጠችው። «ይኸው ግን ተነሥተዋል» አለች ፕላስተሩን እያሳየች። «ከተነሡ ታዲያ ዛሬ ለምን አልሄዱም?»

አኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «እዚህ ቤት ተነሥቻለሁ» አሉ። «በሁለት ሺህ ሰው ቤት ግን እንደተቀመጥኩ ነኝ።»

«እሰበስበዋለሁ። ሁሉንም እሰበስባለሁ!»

«ግድግዳ ላይ የዋለ ነገር ይሰበሰባል? ሕፃን አትሁኚ።» ሳል ያዛቸው፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እስኪያልፍ ጠበቁ። ስዊያን ውኃ አመጣች። ከጠጡ በኋላ የብርጭቆውን ቂጥ በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ወርቁ እንዳይረጥብ ከክምሩ አራቁት።

ስዊያን ጣቷን በእስክሪብቶ በተሣለው ሰው ላይ አሳረፈች። «ይቺ ትንሿ ክብ ምንድን ናት? አናትዎ ላይ ያለችው?»

«አንቺ ነሻ! ኳስ መሰልሽ?» አኮ ሳቁ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እኔ መቼ ተቀምጬ ኦፔራ አይቼ አውቃለሁ? ከፋብሪካ ስወጣ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ከኋላ እንቆማለን። አንቺ ‹አይታየኝም፣ አይታየኝም› ብለሽ መንገዱን በለቅሶ ታቀልጪዋለሽ፤ ትከሻዬ ላይ አወጣሻለሁ። ፀጉሬን እንደ ልጓም ይዘሽ! ዓሣ ገበያም እንደዚያው፣ ሲኒማ ቤቱ ደጅም እንደዚያው፣ ዳቦ ሻጩም ሲመጣ። መሬት አልረግጥም ትዪ ነበር። ሰባት ዓመትሽ ድረስ። ከባድ ነበርሽ ደግሞ፤ ስኳር ትበያለሽ።»

ስዊያን ሥዕሉን አየችው። የኦፔራ ተዋናዮቹን አክሊል ከላይ፣ የሰዉን አናት ከላይ፣ የበረዶ ሻጩን ሳጥን ክዳን ከላይ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው የወደደላት፣ እሷም የራሷ የመሰላት ዓይን፣ የሰው ትከሻ ላይ የተቀመጠ ነበር። የሥዕሎቿን ሁሉ ቁመት የሰጣት ሰው ከሥር ቆሞ ነበረ፤ ከሥር ስለነበረም በአንዱም ሥዕል ውስጥ አልገባም። ያንን ሰው የሣለችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በሙታን ወንበር ላይ።

ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። «እግሩን ላስተካክለው? ጫማም ልሥራለት?»

«አትንኪው» አሉ አኮ፤ ቀን መቁጠሪያውን ከእጇ ወስደው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ካሳተምሻቸው ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ብቻ ነው።»

እስከ አመሻሹ ድረስ አብረው አጠፉ። ስዊያን ስለ ግል ሆስፒታል አነሣች፤ አኮ «በነፃም ቢሆን በዚህ ወር ቢላዋ አይነካኝም» ብለው ዘጉት። እስከ ፌብሩዋሪ ሌላ ቀጠሮ እንደሌለ ነግራ የሐኪሙን ቃል አስታወሰቻቸው፤ «ሐኪሙ ልጅ ነው» አሉ። ስዊያን ልትነሣ ስትል አኮ ጫማቸውን ለማውለቅ ጎንበስ አሉ፤ ስላልቻሉ ተንበርክካ ፈታችላቸው። እግራቸው አብጦ የጫማው ክር ምልክቱን ትቶበታል። እሳቸው አናቷን ከላይ እያዩ «ሽበት አወጣሽ» አሉ። ከዚያም «የመጪውን ዓመት ፌብሩዋሪ ሣልሽው?»

«ገና ነኝ።»

«እኔን ካስገባሽኝ ቆሜ ይሁን።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ከአውቶቡስ የወረደችው መድረኩ ጋ ነው። ገና ጀንበር አልጠለቀችም፤ ግን ዘፈኑ ጀምሯል። ከፊት ቀዩ ወንበር ባዶውን ተደርድሮ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ከኋላው ሰዉ ሞልቷል። ስዊያን ከቆሙት ሰዎች መጨረሻ ላይ ቆመች። እስኪ የራሴን ልየው አለች፤ አኮ ባያነሡኝ ኖሮ ምን ይታየኝ እንደነበር። ጫማዋን የምታስር መስላ ቁጢጥ አለች፣ በአራት ዓመት ልጅ ቁመት ልክ። ከበሮው ይመታል፤ ሰዉ ይስቃል። ከፊቷ አንድ ቀበቶ፣ አንድ የአትክልት ላስቲክ፣ አንድ በላብ የራሰ ሸሚዝ ነበር። አንገቷን ወዲህ አለች፤ ወዲያ አለች። «ምን ጠፋብሽ እህቴ?» አላት አንድ ሰውዬ። «ምንም» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ከዚያ ታች ሆኖ ከሰው ጀርባ በቀር ምንም አይታይም።